ሕይወት የቀመመው ባሕር

እኛ የፊዚክስ ሰዎች ባሕርን ስናስብ ማዕበሉን፣ ግፊቱንና ሙቀቱን እናስቀድማለን። በውስጡ የሚኖሩት ሕያዋን ከውኃው የሚቀበሉ እንጂ ውኃውን የሚለውጡ አይመስሉንም። አሜሪካዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር አመለከተ። በጥልቁ ውኃ ውስጥ ያለው የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ምጥጥን በፕላንክተን አካል ውስጥ ካለው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የሚጠቀሰው አማካይ በአቶም ቁጥር 16 ለ 1 ነው፤ ካርቦን ሲጨመርበት 106፡16፡1 ይሆናል።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? ፋይቶፕላንክተን የተባሉት ደቂቅ ሕያዋን ብርሃን በሚደርስበት የላይኛው ውኃ እነዚህን ንጥረ ነገሮች በአካላቸው ያዋሕዳሉ። ቅሪታቸው ወደ ጥልቁ ሲሰምጥ ባክቴሪያዎች ያፈርሱታል፤ ንጥረ ነገሮቹም በዚያው ምጥጥን ወደ ውኃው ይመለሳሉ። ናይትሮጅን ሲያንስ በውኃው የሟሟውን የናይትሮጅን ጋዝ ለምግብነት የሚለውጡ ሕያዋን ይበረክታሉ፤ ኦክስጅን በጠፋበት ስፍራ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬትን መልሰው ጋዝ ያደርጉታል። ሚዛኑም በዚህ ይጠበቃል።

ካርቦንን ወደ ጥልቁ የሚያወርደው ይህ ሂደት ባዮሎጂያዊ ፓምፕ ይባላል። እርሱ ባይኖር ኖሮ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ በበዛ ነበር። ይሁንና የባሕሩ ገጽ ሲሞቅ ውኃው ይቀልላል፤ ከታችኛው ጋር መቀላቀሉ ይዳከማል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ንጥረ ምግብም ይቀንሳል። ስለሆነም የነገውን የአየር ንብረት ለማስላት የሚሻ ተማሪ ከፊዚክስ ቀመሮቹ ጎን ለጎን የእነዚህን ደቂቅ ሕያዋን ሥራ ሊያጠና ይገባዋል።