ደረጃዋ ዘጠነኛ የሆነ ጎበዝ

ጥያቄ፦ በፋርጣ ወረዳ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ የሰባተኛ ክፍል ወንድሟን የቤት ሥራ ትሠራለታለች። ነገር ግን በአጨዳ ወቅት ትቀራለች፤ ደብተሯ የተዝረከረከ፣ ደረጃዋም ዘጠነኛ ነው። ርእሰ መምህሩ «ጎበዝ ብትሆን አንደኛ ትወጣ ነበር» ይሉኛል። ደብል ትምታ ወይስ ለአዳሪ ትምህርት ቤት እስክትደርስ ትጠብቅ?

መምህርቷ፣ ከደብረ ታቦር አካባቢ

መልስ፦ መጠበቁ አይበጅም። አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ፣ በ2013 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ የተከፈተውን ኃይሌ ማናስ አካዳሚን ጨምሮ፣ የሚቀበሉት ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ የሚገባውን ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት በከረመበት ክልላችን ደግሞ ለአንዲት የገበሬ ልጅ ሦስት ዓመት ብዙ ነው።

ደረጃ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ ያልቀረውንና በወጉ የጻፈውን ያስቀድማል። የአምስተኛ ክፍል ፈተና የሰባተኛን የምታውቅ ልጅ የት እንደደረሰች ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ የስድስተኛ ክፍልን የዓመት ማጠቃለያ የሒሳብ ፈተና ይስጡ፤ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ። በፍሎሪዳ ብሮዋርድ አውራጃ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸው ልጆች ለምርመራ የሚላኩት በመምህርና በወላጅ ጥቆማ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ መፈተን ሲጀምሩ፣ ማንም ያልጠቆማቸው የድሃ ልጆች በብዛት ተገኙ። በእርስዎም ክፍል ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ፈተናም ብቻውን ይስታል። ሉዊስ ቴርማን በ1921 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በጀመረው የባለ ልዩ ተሰጥዖ ልጆች ጥናት ተፈትነው ሳይመረጡ ከቀሩት ልጆች አንዱ ዊልያም ሾክሌይ ነበር፤ በ1956 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤልን ተሸለመ። እናም መልሱን ብቻ አርመው አይለፉ፤ እንዴት እንደደረሰችበት አፍ አውጥታ ታስረዳዎት።

ደብል መምታቱን አልመክርም። ስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለበት፤ በሒሳብ የቀደመች ልጅም በእንግሊዝኛ እንደ እኩዮቿ ልትሆን ትችላለች። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሰባተኛዎቹ ጋር ብትቀመጥስ? ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት፣ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክረው ዘመን የቆጠረ ሳይሆን ትምህርቱን የጨረሰ ነው፤ በዙር አምባም ዝማሬ መዋሥዕት እንዲሁ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅን በዕድሜ ማሰለፉን ሲይዝ ይህን መጣሉ ያሳዝነኛል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ «ጎበዝ ናት» ብለው ቀኑን ሙሉ ሰነፎቹን እንድታስጠና አያድርጓት። ያ የእርስዎን ሥራ ያቀልላል እንጂ ለእሷ የሚጨምርላት ነገር የለም።

ርእሰ መምህሩ ካመነቱ፣ ዛሬ በአዲስ ቢተካም፣ የ1986 ዓ.ም.ን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያሳዩአቸው። ልዩ ተሰጥዖ ያላቸውም እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስፍሮት ነበር። በተግባር ግን «ልዩ ፍላጎት» ሲባል የሚታሰበው አካል ጉዳተኛው ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ለእሱም ቢሆን የተሠራው በቂ አይደለም።

ፈተናውንና የሠራችበትን ወረቀት ለጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር በጽሑፍ ያስረክቡ፤ እርስዎ ቢዛወሩ እንኳ መዝገቡ ይቀራል። ከዚያ በፊት ግን፣ አጨዳው ሳይደርስ፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው አባቷን ያነጋግሩልኝ።