የቱን አይቶ ነው?

ቆይ፣ ቆይ፤ አትላኪው። ከኋላሽ ቆሜ ማንበቤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቻርጀሬን ፍለጋ ብመጣ ስክሪንሽ ዓይኔን ወጋው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ አንቺ ደግሞ ለማታውቂው ሰው «ፊልሙ ድሮም አልገባህም» ብለሽ ልትልኪ ነው። ሦስተኛ ሌሊትሽ ነው እኮ! ሁለታችሁም ሳትወለዱ ስለተሠራ ስለ «ብሌድ ረነር»!

እየተቆጣሁሽ አይደለም። እኔም በዚሁ ፊልም የተነሳ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሁለት ወር ተኮራርፌያለሁ፤ ሬፕሊካንት የሚባሉ ሰው ሠራሽ ፍጡራንን የሚያድነው ባለታሪኩ ዴካርድ ሰው ነው ስትለኝ፣ አይደለም፣ እሱም ሬፕሊካንት ነው ስላት። ስለዚህ እንደ ታላቅ ብቻ ሳይሆን እንደ ተነካ ሰው ስሚኝ። መጀመሪያ ያቺን «አልገባህም» የምትለዋን አጥፊያት። በእሷ ቦታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፊ፦ «የቱን ቅጂ ነው ያየኸው?» በቃ፣ ላኪው። እስኪመልስ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ።

ይህ ፊልም አንድ ፊልም አይደለም። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሥራውን ሲጨርስ በ1982 መጋቢት ላይ ዴንቨርና ዳላስ ከተማ ውስጥ ለሙከራ ታየ። ተመልካቹ ግራ ተጋባ፤ መጨረሻውም ጨለመበት። ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ሰዎች ደነገጡና ዴካርድን የሚጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ከጀርባ ሆኖ ታሪኩን በድምፁ እንዲያስረዳ አደረጉ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ዴካርድና ሬፕሊካንቷ ሬቸል በመኪና ወደ አረንጓዴ ተራራ ሲሸሹ የሚያሳይ ጅራት ቀጠሉበት። የተራራው ምስል ደግሞ የማን መሰለሽ? ዳይሬክተሩ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ»ን ሲቀርጽ የተረፈው ነው። የጎረቤት ወጥ አሙቆ ለእንግዳ ማቅረብ ማለት ይኼ ነው። እሱም ሆኖ አላዳነውም፤ «ኢ.ቲ.» ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲኒማ ቤት ገባ፤ በዚያ ክረምት ሰው ደግሞ ማየት የፈለገው ደግ እንግዳ ፍጡር ነበር እንጂ ዝናብ የሚያለቅስበት ሎስ አንጀለስ አልነበረም።

ከዚያ በ1992 «የዳይሬክተሩ ቅጂ» ተብሎ ወጣ። ትረካው ጠፍቷል፤ የተራራው ጅራት ተቆርጧል፤ ዴካርድ ፒያኖው ጋ ተቀምጦ በሰመመን የሚያያት ዩኒኮርን፣ ባለ አንድ ቀንዷ ፈረስ፣ ገብታለች። በ2007 ደግሞ ስኮት ያለ ከልካይ የሠራው የመጨረሻው ቅጂ መጣ። በዚያው ዓመት አምስት ቅጂዎች በአንድ ሳጥን ተሸጡ። አምስት! አንድ ስም ይዘው የተለያየ ነገር የሚናገሩ አምስት ወንድማማቾች በያቸው።

አሁን ያንቺን የክርክር ነጥብ እንያት። ጋፍ፣ ያ ነገረኛ ፖሊስ፣ መጨረሻ ላይ በር ሥር ትቷት የሄደው ከሚያብለጨልጭ ወረቀት የታጠፈች ዩኒኮርን አለች አይደል? እሷ በሁሉም ቅጂ አለች። በ1982ቱ ግን ሕልሙ የለም፤ ስለዚህ የወረቀቷ ትርጉም «እዚህ መጥቼ ነበር፤ ልጅቷን ትቻታለሁ» ነው፤ ሌላ የለውም። በ1992ቱና በ2007ቱ ግን ሕልሙን አስቀድመሽ አይተሻል። ዴካርድ ለሬቸል ለማንም ያልነገረችውን የልጅነት ትዝታዋን ሲዘረዝርላት ታስታውሻለሽ፤ ያንን ያወቀው ትዝታው የእሷ ሳይሆን የአሠሪዋ የታይረል ዘመድ የሆነች ልጅ ትዝታ፣ በሬቸል ጭንቅላት የተተከለ ስለነበር ነው። ታዲያ ጋፍ የዴካርድን ሕልም እንዴት አወቀ? ያቺ ወረቀት እንደ ቅኔ ኅብረ ቃል ናት፤ ሰሙን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ወርቅ የለም ቢልሽ አልዋሸም። የተሰጠው ሰሙ ብቻ ነዋ።

አየሽ፣ መለሰልሽ! አንብቢው... «አባቴ ካሴት ላይ የነበረውን፣ ፎርድ የሚተርክበትን።» አላልኩሽም? ሦስት ሌሊት ሙሉ «የምን ሕልም?» ሲልሽ የነበረው ለዚህ ነው። አንቺ ደግሞ «ዓይንህን ተመርመር» ብለሽዋል፤ ከላይ ይታየኛል፣ አትሸፍኚው። በይ አሁን ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዳትይ። «ያየነው ሁለት ፊልም ነው፤ በክፉ ስለተናገርኩህ ይቅርታ» በይው። አንድ መስመር ነው፣ አያንስሽም።

እህ፣ «ስኮት ራሱ ዴካርድ ሬፕሊካንት ነው ብሏል» ልትይ ነው። ብሏል፤ ደጋግሞ። ፎርድ ደግሞ ሲቀረጽ ሰው ነው ብሎ ተከራክሮታል፤ ተመልካች ልቡን የሚጥልበት አንድ ሰው ያስፈልገዋል ባይ ነበር። ስክሪፕቱን የጀመረው ሃምፕተን ፋንቸር ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ እንዲቀር ነው የሚወደው። ፊልሙ የተነሳበት የፊሊፕ ዲክ የ1968 ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ ዴካርድ ሰው ነው፤ ዲክም ፊልሙ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ሞተ። ሥራው ከወጣ በኋላ የዳይሬክተሩ ቃል እንደ ማንኛችንም ቃል ነው እላለሁ እኔ፤ ምናልባት ትንሽ ከበድ ይላል፤ ግን ማኅተም አይደለም። የ2017ቱ «ብሌድ ረነር 2049» እንኳ ዴካርድን አስረጅቶ አምጥቶ መልሱን ሳይሰጠን ሄደ።

ደግሞ ማስረጃ ስትደረድሪ ቀስ በይ። እዚህ ላይ «ስድስተኛው ሬፕሊካንት ራሱ ዴካርድ ነው» ብለሽ የጻፍሽው ያስቃል። አለቃው ብራያንት ስድስት አመለጡ፣ አንዱ ሞተ ይላል፤ ዴካርድ የሚያድነው ግን አራት ነው። አንዷ ጠፋች፤ ሰው ለዓመታት ከዚህ ስሌት ምሥጢር ሲያወጣ ኖሯል። ነገሩ ግን የሒሳብ ስህተት ነው፤ ሜሪ የምትባል ገጸ ባሕርይ ከፊልሙ ስትወጣ ንግግሩ ሳይስተካከል ቀረ። በ2007 «ሁለቱ ሞቱ» ተብሎ ታረመ። ዩኒኮርኗም ስኮት ኋላ ከሠራው «ሌጀንድ» ከተባለው ፊልም የተወሰደች ናት የሚሉሽን አትመኚ፤ ለዚሁ ፊልም የተቀረጸች ናት። የሬፕሊካንቶቹን መሪ የሚጫወተው ሩትገር ሃወርም ዝናቡ ውስጥ ሲሞት የሚናገረውን ሁሉ ከራሱ አፈለቀው ይባላል፤ እሱ ያደረገው የተጻፈለትን አሳጥሮ መዝጊያዋን መጨመር ነው። ለእኔ ይኼ ከፈጠራው ወሬ ይበልጣል፤ የሰው ጽሑፍ ላይ መቀስ ማንሳት የሚችል ተዋናይ ስንት አለ?

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፤ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ሌሊት የጻፋችሁትን ወደ ላይ እየሳብኩ አየሁት፤ ስለ ዩኒኮርን ብቻ ነው። ስለ በሩ አንዳችሁም አንድ ቃል አላላችሁም። ሬቸል ከቤቱ ልትወጣ ስትል ዴካርድ በሩን በቡጢ ይዘጋዋል፣ ይገፋታል፣ ከመስኮቱ መጋረጃ ጋር ያጣብቃታል፣ ከዚያ «ሳመኝ» እንድትል ያስገድዳታል፤ እየነገራት ትደግማለች። ከጀርባ ሳክስፎን ይነፋል፤ የሙዚቃው ደራሲ ቫንጌሊስ የፍቅር ትዕይንት ነው ብሎ ሊያሳምነን። እኔ በዕድሜሽ ሳለሁ የፍቅር ትዕይንት ነው ብዬ ነበር ያየሁት። ሁለተኛ ሳየው ግን ሆዴ ተንቀጠቀጠ። ይህች ሴት ትዝታዋ የሌላ ሰው መሆኑን ገና መስማቷ ነው፤ ሊገድላት ሥልጣን ያለው ሰው ቤት ናት፤ «እምቢ» ብትል ወዴት ትሄዳለች? ከሚያድናቸው ሬፕሊካንቶች አንዷን፣ ዞራንም አስቢ፤ በዝናብ ኮት እየሮጠች በጀርባዋ ተኩሶ መስታወት ለመስታወት ሲጥላት።

ዴካርድ ሰው ከሆነ ይህን ያደረገው ሰው ነው። ማሽን ከሆነ ደግሞ ይህን እንዲያደርግ የሠራው ሰው ነው። ዩኒኮርኗ የቱንም ብትል በሩ ያው በር ነው፤ በአምስቱም ቅጂ አለ። ስለዚህ እናንተ ሁለታችሁ የምትስማሙበት ምስል ቢኖር እሱ ነው፤ መከራከር ካማራችሁ ከሱ ጀምሩ። ስኮት ጭካኔውን አውቆ ያስቀመጠው ነው ወይስ በዚያ ዘመን ፍቅር እንዲህ ይመስላቸው ነበር? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ሳክስፎኑ ነው የሚያጋልጣቸው። ልጁ ሌላ ካለ ደግሞ ልስማው።

እስኪ ድምፁን አጥፊና ያንን ትዕይንት ክፈቺው። ያለ ሙዚቃ እይው፤ የሷን ፊት ብቻ ተከተዪ። ከዚያ ያየሽውን ጻፊለት።

ቻርጀሬን ግን ስጪኝ፤ ከትራስሽ ሥር ነው ያለው፣ ገመዱ ይታየኛል።