ከውጭ የታዘዘ ዕቃ ደብረ ኤልያስ እስኪደርስ ስንት ይፈጃል?

ዱባይ የምትሠራ ልጅ ለእናትና ለእህቶቿ ልብስ ገዝታ መላክ ትፈልጋለች። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድሟ ላፕቶፕ ያማርጣል። አጎታቸው ለመስኖ የሚሆን የውኃ ፓምፕ በስልክ መስኮት አይቶ ልቡ ተነሥቷል። ሦስቱም የሚያዩት ዋጋ ሻጩ የጻፈውን ብቻ ነው። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናትና በአገሩ ቋንቋ እንናገረው፤ በስልክ ላይ የሚታየው ዋጋ ሰሙ ነው፣ ወርቁ የሚፈታው ጉምሩክ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ወርቁን ከማዘዝዎ በፊት፣ እቤትዎ ቁጭ ብለው እንዲፈቱት የተዘጋጀ ነው።

1. ዕቃው መግባት የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ

ቀረጥ ከማስላት በፊት የሚቀድመው ይህ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ዕቃ ቀረጡን እከፍላለሁ ስላሉ ብቻ አይለቀቅም።

- መድኃኒት፣ የምግብ ማሟያና መዋቢያ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ናቸው።
- ዘር፣ ችግኝና ፀረ ተባይ ኬሚካል የግብርና መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ዘመድ በፖስታ ውስጥ የሚልከው ጥቂት የአትክልት ዘር ሳይቀር ይያዛል።
- የመገናኛ ሬዲዮና መሰል መሣሪያዎች የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታሉ።
- ድሮን ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም።
- ለንግድ የሚመጣ ያገለገለ ልብስ፣ በተለምዶ ሰልባጅ የሚባለው፣ የተከለከለ ነው።

ብዛትም ይታያል። አንድ ስልክ የግል መገልገያ ሊባል ይችላል፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሃያ ስልኮች ግን ንግድ ናቸው። ለንግድ የሚያስመጣ ሰው የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሰነድ ሊኖረው ይገባል።

2. የሚመጣበትን መንገድ ይምረጡ

ለኤልያስ ሰው በተግባር ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው።

ፖስታ፦ በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፖስታ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ጊዜው ረዘም ያለ መንገድ ነው። ከውጭ የመጣ ጥቅል አዲስ አበባ ላይ በጉምሩክ ይታያል። ደብረ ማርቆስ የፖስታ ሳጥን ያለው ዘመድ ወይም መሥሪያ ቤት ካለ አድራሻውን አስፈቅዶ መጠቀም ይጠቅማል።

ፈጣን መልእክት አድራሾች፦ ዲኤችኤልና ፌዴክስን የመሳሰሉት ማለት ነው። ዕቃው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቦሌ ይደርሳል፤ የጉምሩኩን ሥራም ኩባንያው ራሱ ሊያስፈጽምልዎ ይችላል፣ አገልግሎቱን ግን ያስከፍላል።

መንገደኛና ካርጎ፦ በሻንጣ የሚመጣ የመንገደኛ የግል መገልገያ የራሱ የቀረጥ ነፃ መመሪያ አለው። መመሪያው በዓይነትና በብዛት የተገደበ ስለሆነ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ያጣራ። «ለሰው አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጠ ዕቃ ሲፈተሽ ተጠያቂው ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ የታሸገ ነገር ለመንገደኛ አይስጡ፤ እርስዎም አይቀበሉ።

3. የዕቃውን ኮድ ይፈልጉ

ጉምሩክ ዕቃን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በታሪፍ መጽሐፉ ባለው ቁጥር ነው፤ ነጋዴዎች «ኤችኤስ ኮድ» ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ስለሆኑ ሻጩን መጠየቅ ይቻላል። ኮዱን ካገኙ በኋላ በጉምሩክ ኮሚሽን ድረ ገጽ ያለው የታሪፍ መፈለጊያ የትኛው ቀረጥና ታክስ በስንት በመቶ እንደሚጣል ያሳያል። ኢንተርኔት ካስቸገረ በሥራው ላይ ያለ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ማለትም ትራንዚተር፣ በስልክ ሊነግርዎ ይችላል።

የኮድ ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው። ሙሉ ፓምፕ በአንድ ኮድ፣ የፓምፕ መለዋወጫ በሌላ ኮድ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «የማሽን ዕቃ» ተብሎ በደፈናው የተጻፈ ደረሰኝ አይቀበሉ።

4. ሒሳቡን በቅደም ተከተል ይሥሩ

የሒሳቡ መነሻ የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። የዕቃው ዋጋ፣ የማጓጓዣውና የመድኅኑ ወጪ ተደምረው የሚሰጡት ድምር ነው፤ በሙያው «ሲአይኤፍ» ይባላል። በዚህ ድምር ላይ የሚከተሉት ይደረደራሉ፦

- የጉምሩክ ቀረጥ፦ እንደ ዕቃው ዓይነት ከዜሮ እስከ 35 በመቶ።
- ኤክሳይዝ ታክስ፦ በሁሉም ዕቃ ላይ የለም። በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 መሠረት አልኮል፣ ትምባሆ፣ ሽቶ፣ ተሽከርካሪና መሰል ዕቃዎች ላይ ይጣላል። የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው።
- ተጨማሪ እሴት ታክስ፦ 15 በመቶ፤ ቀረጡና ኤክሳይዙ ተደምረው።
- ሱር ታክስ፦ 10 በመቶ፤ ከላይ ያሉት ሁሉ ተደምረው። ማዳበሪያ፣ ነዳጅና የካፒታል ዕቃን የመሳሰሉት አይመለከታቸውም።
- ለማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚሰበሰብ ቀረጥ፦ 3 በመቶ፤ በመነሻው ድምር ላይ።
- ቅድመ ግብር፦ 3 በመቶ፤ በመነሻው ድምር ላይ፤ ለንግድ በሚመጣ ዕቃ። ይህ ከዓመቱ ግብር የሚታሰብ ስለሆነ ነጋዴው ደረሰኙን ማስቀመጥ አለበት።

አሁን የልጅቱን ልብስ እናስላ። ለልብስ የሚጣለው ቀረጥ ከፍተኛው፣ 35 በመቶው ነው። ልብሱ 8,000 ብር፣ ማጓጓዣው 1,800 ብር፣ መድኅኑ 200 ብር ቢሆን፦

መነሻ ድምር፦ 10,000 ብር
ቀረጥ 35 በመቶ፦ 3,500 ብር፤ ድምሩ 13,500 ይሆናል
ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከ13,500 ላይ 15 በመቶ፦ 2,025 ብር፤ ድምሩ 15,525 ይሆናል
ሱር ታክስ፣ ከ15,525 ላይ 10 በመቶ፦ 1,552 ብር ከ50
የ3 በመቶው ቀረጥ፣ ከ10,000 ላይ፦ 300 ብር
ጠቅላላ ቀረጥና ታክስ፦ 7,377 ብር ከ50

በስልኩ መስኮት 8,000 ብር ያለው ልብስ፣ የአገር ውስጥ አገልግሎት ክፍያ ሳይታሰብ፣ 17,377 ብር ከ50 ሆነ። ብዙዎች መቶኛዎቹን ደምረው 35፣ 15፣ 10 እና 3 ሲደመሩ 63 በመቶ ነው ብለው ይገምታሉ። ታክሱ በታክስ ላይ ስለሚሰላ ግን ትክክለኛው ከ73 በመቶ በላይ ነው። ልዩነቱ በዚህ ምሳሌ ከአንድ ሺህ ብር ያልፋል።

የምንዛሪው ነገርም አለ። ጉምሩክ የዕቃውን ዋጋ ከዶላር ወደ ብር የሚቀይረው ዕቃው በታዘዘበት ቀን ምንዛሪ ሳይሆን ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ፣ በተመዘገበበት ቀን ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። መነሻ ድምሩ 100 ዶላር የሆነ ልብስ ያኔ ወደ 4,200 ብር ቀረጥና ታክስ ይከፈልበት ነበር። ዶላሩ 100 ብር ሲገባ ያው ልብስ ከ7,300 ብር በላይ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ ምንዛሪው ከዚያም በላይ ሄዷል። የዓምናን ሒሳብ ለዘንድሮ አይጠቀሙ።

ፓምፑን የፈለገው አጎት ግን ሌላ ዕድል አለው። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የእርሻ ሜካናይዜሽን፣ የመስኖና የእንስሳት መኖ ቴክኖሎጂዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ወስኗል። ነፃ መብት የሚገኘው ሲጠየቅ ነውና ከማዘዙ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ መመሪያውና ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ያነጋግር። ዕቃው ከገባና ከተከፈለበት በኋላ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

5. የማድረሻውን ክፍያ ለብቻው ያስሉ

መልእክት አድራሽ ኩባንያ የሚመዝነው ሚዛን ላይ ብቻ አይደለም፤ መጠኑንም ይለካል። የጥቅሉ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል፤ ከዚህና ከእውነተኛው ክብደት የበለጠው ይከፈልበታል። 50 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በዚህ ስሌት 12 ኪሎ ነው። ውስጡ ያለው 3 ኪሎ ብርድ ልብስ ቢሆንም የሚከፈለው የ12 ኪሎ ነው። ላኪዋ አየሩን አስወጥታ በትንሽ ካርቶን ብታሽግ የማጓጓዣው ዋጋ ይቀንሳል፤ ማጓጓዣው ሲቀንስ ደግሞ የቀረጡ መነሻ ድምርም አብሮ ይቀንሳል።

ከዚህ ሌላ ሦስት ክፍያዎችን አስቀድመው ይጠይቁ፦ የጉምሩክ ማስፈጸሚያ አገልግሎት፣ ዕቃው ከነፃ ቀናት በላይ ከቆየ የመጋዘን ኪራይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ኤልያስ የማድረሻ። ሻጩ «ማድረሻ ነፃ» ካለ ቀረጡንም ይከፍላል ማለት አይደለም። «ቀረጥና ታክስ የሚከፍለው ማነው?» ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ።

6. ወረቀቱን ከዕቃው ጋር ያስልኩ

የኤልያስ ሰው ብዙ ጊዜ ከፋዩ ራሱ አይደለም፤ በካርዱ የሚገዛለት ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ በዘመዱ ስልክ ውስጥ ቀርቶ ዕቃው ብቻውን ቦሌ ይደርሳል። ግዢው እንዳለቀ የሚከተሉት ይላኩልዎ፦

- የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና የእያንዳንዱ ዋጋ የተዘረዘረበት ኢንቮይስ
- የክፍያ ማስረጃ
- የማጓጓዣ ሰነድና የመከታተያ ቁጥር

የተቀባዩ ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለው እስከ አያት ይጻፍ። መንደር ውስጥ ሁሉም የሚጠራዎት በቁልምጫ ስም ቢሆንም ጉምሩክ የሚያውቀው መታወቂያውን ነው። የቤት ቁጥር በሌለበት አካባቢ ዞኑን፣ ወረዳውን፣ ቀበሌውንና በ251 የሚጀምር የስልክ ቁጥር መጻፍ ግድ ነው።

ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ አይሞክሩ። ጉምሩክ በደረሰኙ ካላመነ የተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ አውጥቶ በዚያ ያስከፍላል፤ ሐሰተኛ ሰነድም በሕግ ያስጠይቃል። «ስጦታ ነው» ብሎ መጻፍም ብቻውን ከቀረጥ አያድንም።

7. ዕቃው ሲደርስ ፈጥነው ይንቀሳቀሱ

ከኤልያስ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለመግባት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጨማሪ መንገድ አለ። ለአንድ ሻንጣ ልብስ ይህን ሁሉ መጓዝ ትርፉን ይበላዋል። አዲስ አበባ የሚታመን ዘመድ ካለ ዕቃው ከመድረሱ በፊት በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና ይስጡት፤ በውክልናው ላይ ከጉምሩክ ዕቃ መረከብና ቀረጥ መክፈል እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ።

ከመክፈልዎ በፊት የቀረጡን ዝርዝር ይጠይቁ፤ ከሠሩት ሒሳብ ጋር ያስተያዩ። የመንግሥት ቀረጥ በመንግሥት ደረሰኝ፣ የኩባንያው አገልግሎት በኩባንያው ደረሰኝ ተለይቶ ይሰጥዎት።

«የተላከልዎ ስጦታ ጉምሩክ ተይዟል፤ ለማስለቀቂያ በዚህ ቁጥር ገንዘብ ይላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ አይቸኩሉ። የመንግሥት ቀረጥ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ወይም የሞባይል ገንዘብ ቁጥር አይከፈልም። የመከታተያ ቁጥሩን ጠይቀው በራሱ በኩባንያው ስልክ ያረጋግጡ።

8. በስሌቱ ካልተስማሙ አቤት ይበሉ

ኮዱ ተሳስቷል ወይም ዋጋው ከደረሰኙ በላይ ተቆልሏል ብለው ካመኑ ቅሬታውን በመጀመሪያ ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ፣ ከዚያ ለኮሚሽኑ ቅሬታ አጣሪ፣ ካልተፈታም ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። በየደረጃው ቀነ ገደብ ስላለ ውሳኔው የደረሰበትን ቀን ይመዝግቡ። ማስረጃው ያው ኢንቮይስና የክፍያ ሰነድ ነው፤ ያለ እነርሱ ክርክሩ በቃል ይቀራል።

ወደ ውጭ ለሚልኩም

ሒሳቡ በሌላው አቅጣጫም ተቀይሯል። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ጥቅል ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነፃ መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አንሥታለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የነበረውን የታክስ ነፃ መብት በ2013 ዓ.ም. አስቀርቷል። ለበዓል የሐበሻ ቀሚስ ወደ ዋሽንግተን የሚልክ ቤተሰብ ተቀባዩ ላይ ክፍያ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ይንገረው።

ከውጭ ወደሚታዘዘው ዕቃ ስንመለስ፣ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ይጻፉ፤ የዕቃው ዋጋ፣ ቀረጥና ታክሱ፣ ማድረሻው። የሦስቱን ድምር ደብረ ማርቆስ ገበያ ካለው ተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ጋር ያወዳድሩ። ልብስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የደብረ ማርቆሱ ይረክሳል፤ ያን ጊዜ ዱባይ ላለችው ልጅ ልብሱን ትታ ገንዘቡን በባንክ እንድትልክ ይንገሯት።