ባለቤት ያለው ጫካ

ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ስሜን ተራሮችን በእግሩ ለመዞር ብዙ አይጨነቅም። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ይከፍላል፣ ጠባቂ ስካውት ይመደብለታል፣ በቅሎ ይከራያል፤ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ የሚወስደው መንገድም የታወቀ ነው። የካፋዋ ቦንጋ ግን እንዲህ ያለ አንድ በር የላትም። በጅማ በኩል ጎጀብን ተሻግሮ የመጣ ተጓዥ ከተማዋን የከበባትን ደን ሲያይ ዝም ብሎ የሚገባበት ይመስለዋል። የሚገባው ግን የሰው ጓሮ ነው።

ዩኔስኮ የካፋን ባዮስፌር ሪዘርቭ በ2002 ዓ.ም. ሲመዘግብ ሰፊ መሬት ነው የታቀፈው። ይህ ሁሉ የማይነካ ጥብቅ ደን አይደለም፤ የቡና ደን፣ እርሻና መንደርም አለበት። ደኑ ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ባለቤት ነበረው። ካፋዎች «ኮቦ» በሚሉት ሥርዓት ጫካውን ተከፋፍለው ይዘውታል፤ በዚህኛው ክፍል ቀፎ የሚሰቅለውና ማር የሚቆርጠው የእገሌ ቤተሰብ ነው፣ በዚያኛው የእገሌ። ዛፍ ጫፍ ላይ የተጋደመ ቀፎ ለእንግዳ ጌጥ ይመስላል፤ መንደሩ ግን የማን እንደሆነ ያውቃል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አሳታፊ የደን አስተዳደር መጥቶ ገበሬዎች በማኅበር እየተደራጁ ከመንግሥት ጋር ውል ገቡ፤ ደኑን ይጠብቃሉ፣ ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን ይጠቀማሉ። በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና እንኳ ለቃሚው የታወቀ ነው። ቀዩን ፍሬ ቀጥፎ ኪስ መክተት የሰው ምርት መውሰድ ነው።

ስለዚህ ጉዞው የሚጀምረው ቦንጋ ላይ ከሰው ጋር በመነጋገር ነው። ወደ ካፋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሄደው የት መሄድ እንደሚፈልጉ ይንገሩ፦ የዱር ቡና ለማየት በዴቻ ወረዳ ማንኪራ፣ ውኃ ለማየት ባርታ ፏፏቴ፣ ወይም የተፈጥሮ ድንጋይ የሆነው የእግዜር ድልድይ። አስጎብኚ ሲይዙ ከከተማው ሰው በተጨማሪ የዚያው ቀበሌ ሰው አብሮ እንዲሄድ ይጠይቁ። ይህን አጥብቄ የምመክረው በምክንያት ነው። ስሜን ላይ ገደሉና ሸንተረሩ አቅጣጫ ያሳያል፤ እዚህ ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት እርምጃ እንጂ ሩቅ አይታይም። የጫካው ዱካ የማር ቆራጭና የቡና ለቃሚ ስለሆነ በየቦታው ይከፈላል፤ አንዱ መንደር ሲያደርስ ሌላው ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሥር ያበቃል። የቀበሌው ሰው ዱካውንም ባለቤቱንም ያውቃል። በካፋዎች ቋንቋ በካፊኖኖ ሰላምታ ሰጥቶ የሚያልፍም እሱ ነው።

ሒሳቡን ከመነሳት በፊት ይጨርሱ፤ ለአስጎብኚው ስንት፣ ለቀበሌው ሰው ስንት፣ ለደኑ ማኅበር ስንት፣ መኪናው ይጠብቃል ወይስ ይመለሳል። በጥቅል የተነገረ ዋጋ ለመንደሩ ሰው የሚደርሰውን ስለሚሸፍን ተዘርዝሮ ቢነገር ለሁሉም ይበጃል።

ወቅቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቢሆን ይሻላል። የካፋ ዝናብ ረጅም ነው፤ በክረምት ቁልቁለቱ ጭቃ ስለሆነ ቦቲ ጫማ ግድ ነው። የቡና ለቀማ ለማየት ግን ጥቅምትና ኅዳር መምጣት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ደን ውስጥ ስለሚውል አብሮ የሚሄድ ሰው በቶሎ አይገኝም፤ አስቀድሞ መልእክት መላክ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዋን ቀን ለቦንጋ መተው ይሻላል፤ መልሱ ከቀበሌ እስኪመጣ ክፍት ከሆነ የከተማዋን ብሔራዊ የቡና ሙዚየም መጎብኘት ይቻላል።