የተዋስነውን እንዴት መለስነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ከዘመድ መኪና ተውሶ ጭቃ አልብሶ ስለ መመለስ ነው። ብዙዎቻችን ይህን እንደ በደል ቆጥረን አናውቅም። ነገር ግን የቤተ ዘመድን ፍቅር የሚያቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ ታላቅ ጠብ ሳይሆን እንዲህ ያለ ያልተነገረ ቅሬታ መሆኑን በራሳችን ቤት አይተናል።

የሆነው እንዲህ ነው። በግንቦት ወር የአክስታችን ልጅ በአርጆ ሲያገባ ሙሽራይቱን የምናመጣበት መኪና ቸገረን። በነቀምቴ የሚኖሩት አጎታችን የፒክአፕ መኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው «በሰላም ያድርሳችሁ» ብለው ሰጡን። ያ መኪና የቤታቸው እንጀራ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እህል ይጭኑበታል።

የወለጋን ግንቦት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፤ ቀዩ አፈር አንድ ጊዜ ከራሰ እንደ ሊጥ ይይዛል። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ገጠሩ ስንገባ መኪናው ሁለት ጊዜ ተያዘ። ገፍተን ካወጣን በኋላ በጭቃ ጫማችን ወንበሩ ላይ ወጣን፤ ጠላ አፈሰስን፤ የሸንኮራ ልጣጭ ከመቀመጫው ሥር ጣልን። እሑድ ማታ ከአጎታችን ደጅ አቁመን ቁልፉን ለትንሹ ልጃቸው ሰጥተን ሄድን። ነዳጁም አልቆ ነበር።

አጎታችን ሰኞ ማለዳ ለሥራ ሲነሡ ያገኙት ይህንን ነው። ብቻቸውን ሲያጥቡ አረፈደባቸው፤ የዚያን ቀን ጭነትም ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኛን ግን ምንም አላሉንም። እኛም «አልተቆጡም» ብለን ደስ አለን። ከዚያ በኋላ ግን እርሳቸው ወደ እኛ፣ እኛም ወደ እርሳቸው መመላለስ ተውን።

በነሐሴ አክስታችን፣ ማለትም የሙሽራው እናት፣ በሌሊት ጠናባቸው። ከአርጆ ወደ ነቀምቴ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልግ ነበር። ልጃቸው ስልኩን በእጁ ይዞ «በምን ፊቴ እደውላለሁ?» እያለ የነጋ መኪና ጠበቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ አክስታችን ተረፉ። አጎታችን በሦስተኛው ቀን ሰምተው ሲመጡ፣ አልጋው አጠገብ ቆመው እንዲህ አሉን፦ «እኅቴ ናት እኮ! ጭቃው በአንድ ጠዋት ታጥቦ ወርዷል። በሬን ሳታንኳኩ የቀራችሁት ግን እንዴት ይታጠባል?»

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ምን እንማር?

አንደኛ፤ የተዋሱት ነገር አደራ ነው። በኦሪት ዘጸአት (22፥14) ሰው ከጎረቤቱ እንስሳ ተውሶ ባለቤቱ በሌለበት ቢጎዳበት እንዲከፍል ታዝዟል። በሁለተኛ ነገሥት (6፥1-7) ከነቢያት ልጆች አንዱ የምሳሩ ብረት ዮርዳኖስ ውስጥ ሲወድቅበት ያስጮኸው፣ ምሳሩ የውሰት በመሆኑ ነበር። ጌታችንም ወደ ኢየሩሳሌም የገባበትን ውርንጫ ሲያስመጣ፣ ሁሉ የእርሱ ሲሆን፣ እንደሚመልሰው ጭምር እንዲነግሩ ደቀ መዛሙርቱን አዟል (ማር. 11፥3)። እኛ ግን መውሰዱን እንጂ መመለሱን አላሰብንም።

ሁለተኛ፤ አባቶቻችን ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። የሰርግ በቅሎ የተዋሰ ሰው ገብስ አብልቶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ ጀርባዋን አይቶ ይመልሳል። በሬ የተቀናጀ ገበሬም ባለንጀራው አንገቱን ዳስሶ ቁስል እንደሚፈልግ ያውቃል። መኪና አይናገርም እንጂ እርሱም ይጎዳል። ጭቃው በጎማው ዙሪያና ከሥር ሲቀር እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝጋል፤ የራዲያተሩን መተንፈሻ ሲደፍንም ሞተሩ ይግላል።

ሦስተኛ፤ ያዋሰን ሰው የሚሰጠን ቁልፍ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 እንደሚደነግገው፣ መኪና በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ይሆናል። አጎታችን እሑድ እስኪመሽ ድረስ በእኛ እጅ ላይ ቤታቸውን አስይዘው ነበር ማለት ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ እኛ ግን በሰው ወርቅ ደምቀን ወርቁን በጭቃ መለስን።

አራተኛ፤ ለባለ ንብረቱም ትምህርት አለ። ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገረው ብሎ አስተምሯል (ማቴ. 18፥15)። አጎታችን ራሳቸው «ሰኞ ጠርቼ ብገሥጻችሁ ኖሮ ማክሰኞ ታርቀን ነበር» ብለውናል። ዝምታ ትዕግሥት የሚሆነው በልብ ውስጥ ይቅርታ ሲኖር ነው። አለዚያ በር መዝጋት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስንዋስ የምንመልስበትን ቀንና ሰዓት፣ የምንሄድበትንና የሚነዳውን ባለ መንጃ ፈቃድ እንናገር። ነዳጁ የት ላይ እንደሆነ ከባለቤቱ ጋር አብረን እንይ። ስንመልስ ውስጡንም ውጪውንም አጥበን፣ ነዳጁን ሞልተን፣ ቁልፉን በባለቤቱ እጅ እናስረክብ። የተጎዳ ነገር ካለ እርሱ ሳያየው እኛ አስቀድመን እንንገረው። ገንዘብ ቢያጥረን እንኳ ባልዲና ጨርቅ አይጠፋም።

እኛ አጎታችንን ጉልበታቸውን ስመን ይቅርታ ጠይቀናል። በማግሥቱም ተሰብስበን መኪናቸውን አጠብን። ከወንበሩ ሥር አንድ የደረቀ የሸንኮራ ልጣጭ አገኘን፤ ከግንቦት ጀምሮ እዚያው ነበር። ማንም ሳይናገር አንዳችን አንሥቶ ወደ ውጭ ጣለው።

ለውይይት፦
1. በቤታችሁ ተውሳችሁ ያልመለሳችሁት ወይም አበላሽታችሁ የመለሳችሁት ምን አለ?
2. ያዋሳችሁትን ነገር ያበላሸባችሁ፣ ሳትነግሩት የራቃችሁት ዘመድ አለን? በዚህ ሳምንት እንዴት ታነጋግሩታላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።