የሽምብራ ዱቄት ለተረጂዎች ቀለብ፦ ግዢው፣ አዘገጃጀቱና አበሳሰሉ

ድርቅ በደረሰ ጊዜ ለተረጂው ሕዝብ በቅድሚያ የሚቀርበው ስንዴ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ነው። ይሁን እንጂ የብርዕና የአገዳ እህል ብቻውን ረኀብን ቢያስታግሥም ሰውነትን በሚገባ አይገነባም። ከ100 ግራም ሽምብራ ውስጥ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ በእነዚህ እህሎች የሚጎድለውን ላይሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያሟላል። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ወለጋ ለሰፈረው ሕዝብ አገሩና አየሩ እንግዳ ቢሆንም፣ ሽሮ ግን የኖረበት ምግብ ነበር። ለለመደ ሰው የለመደውን ማቅረብ ደግሞ ቀለቡ እንዳይባክን ይረዳል።

1. ግዢ

የሚገዛው ዱቄት ሳይሆን ጥሬ ሽምብራ መሆን ይገባዋል። ምክንያቱም ሽምብራና ጓያ ሁለቱም በክረምቱ መውጫ በመረሬ መሬት ላይ ተዘርተው በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ስለሚያድጉ፣ በአውድማም በገበያም ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ጓያ ድርቅን የሚቋቋምና ርካሽ በመሆኑ በችግር ዘመን ይበዛል። ሁለቱ አንድ ጊዜ ከተፈጩ በኋላ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም ተመልሶ አይድንም። በብዛት የሚጠቁት ወጣት ወንዶች፣ ማለትም ለእርሻ የሚፈለጉት ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ደንቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት በርካታ ሰዎች በዚህ በሽታ ተጎድተዋል። ጓያን ማመስ መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም።

ስለሆነም ከየጆንያው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ጥቂት ፍሬ ወስዶ በሰፌድ ላይ መመርመር ያስፈልጋል። ሽምብራ ድቡልቡል ሆኖ በአንድ ወገን እንደ ወፍ መንቁር የሾለ ጫፍ አለው። ጓያ ግን ማዕዘን ያለውና ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ፣ የመጥረቢያ ቅርጽ የሚመስል ነው።

2. አዘገጃጀት

ሽምብራው ተለቅሞ ይታጠባል፤ ጥቂት ተዘፍዝፎ ከተጠነፈፈ በኋላ በምጣድ ይታመሳል። ቀጥሎ ይከካል፤ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ ይወጣና ክኩ ይፈጫል። በርበሬና ቅመም በማይገኝበት ጣቢያ ጨው ብቻ የሚገባበት ነጭ ሽሮ ይበቃል። በቆላማ ስፍራ ነቀዝና እርጥበት ስለሚያበላሹት፣ የሚፈጨው ለአጭር ጊዜ ፍጆታ የሚሆነው ብቻ ይሁን።

3. አበሳሰል

ለ1 ጣሳ ዱቄት 4 ጣሳ ያህል ውኃ ይዘጋጃል። ዱቄቱ እንዳይጓጉል አስቀድሞ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያም በፈላው ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል። የጥሬነት ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በዝግታ ይንተከተክ። ዘይት ከተገኘ መልካም ነው፤ ባይገኝም ወጡ ይበስላል። ስድስት ወር ለሞላቸው ሕፃናት 3 እጅ የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት ከ1 እጅ የሽምብራ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ በደንብ የበሰለ ገንፎ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የሚጀመረው ከመጋዘኑ በር ነው። በግዢ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ወስዶ ፍሬውን የሚመረምር የመጋዘን ሠራተኛ፣ ከድርቅ የተረፈውን ገበሬ እግሩን ይዞ ወደ እርሻው እንዲመለስ ያደርጋል።