የቦምቤን ዝንጅብል በስልክ ስለ መሸጥ

ቦምቤ በወላይታ የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ባላገሩ ከእንሰትና ከቡና ጋራ ዝንጅብል ያበቅላል። ነገር ግን የሶዶን ዋጋ ሳያውቅ ጭኖ የሄደ ሰው ደላላው በጠራለት ዋጋ ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ ጭኖ መመለስ ዳግመኛ ኪራይ ነውና።

ይህን ችግር የሚያቃልል መሣሪያ በባላገሩ እጅ አለ፤ እርሱም ስልክ ነው። በቴሌግራም ቻናል የሚባለውን ማቋቋም ገንዘብ አያስከፍልም፤ ባለቤቱ ብቻ ስለሚጽፍበትም ሌላ ወሬ አይደባለቅበትም። ሻጩ የዝንጅብሉን ፎቶግራፍ በቀን ብርሃን አንሥቶ፥ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን፥ የኩንታሉን ብዛት፥ የመረከቢያውን ስፍራና ዋጋውን ይጽፍበታል። ዋጋ ያልተጻፈበት ማስታወቂያ ግማሽ ማስታወቂያ ነው።

ገንዘቡንም በግንቦት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው በቴሌብር መቀበል ይቻላል። *127# ተብሎ ሲደወል ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፥ ባለ ቁልፉ ተራ ስልክ ይበቃል። «ከፍያለሁ» የሚል መልእክት ታይቶ ግን ዕቃ አይሰጥም፤ ሻጩ አስቀድሞ ቀሪ ሒሳቡን ራሱ ይመልከት።

የወረዳው ሹም በብርቱ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የዘር ዝንጅብል ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአጠውልግ በሽታ ተነሥቶ በደቡብ አገር የብዙውን ሰው ማሳ አጥፍቷል። በሽታው በዘርና በአፈር ይተላለፋል፤ ዝንጅብሉ ጤነኛ መስሎ ሳለ በውስጡ ይሸሸጋል፤ ፎቶግራፍም አያሳየውም። ቀድሞ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄድ የነበረው ዘር ዛሬ በስልክ ተሽጦ በሁለት ቀን አገር ያቋርጣል። ስለዚህ የግብርና ባለሙያ ቡቃያውን በማሳው ላይ ሳያይ፥ ማንም ሰው «ለዘር የሚሆን» ብሎ እንዳያስነግር ሹሙ በገበያ ቀን ያስታውቅ፤ ለምግብ የሚሸጠውን ግን አያግድ።